ፋክቶሪዮ፦ ሁለተኛ ባቡር ስጨምር ሁሉም ይቆማል፤ ሲግናል የገባው ሰው ይርዳኝ

ናቲ_ፉርጎ

ሰላም ለሁላችሁ። ፋክቶሪዮ (ፋብሪካ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ ባቡር የሚችል ሰው እፈልጋለሁ።

አንድ ባቡር ከብረት ማዕድኑ ወደ ማቅለጫው ሲመላለስ ሰላም ነበር። ሐዲዱ ነጠላ ነው። ባቡሩ ከፊትም ከኋላም ሎኮሞቲቭ አለው፤ መሀሉ ላይ አራት ፉርጎ። መዳብ ሲያስፈልገኝ ከመዳቡ ማዕድን ቅርንጫፍ አውጥቼ ከዚያው ሐዲድ ጋር ገጠምኩና ሁለተኛ ባቡር አሰማራሁ። ተጋጩ።

ሲግናል ትከል ተባልኩ። በአንድ በኩል ደረደርኩት። ባቡሩ ሄደ፣ ግን ከማቅለጫው መመለስ ሲፈልግ "መንገድ የለም" ይላል። በሁለቱም በኩል ስደረድር ደግሞ መንገዱ ተገኘ። አሁን ሁለቱ ባቡሮች መሀል ሜዳ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆመዋል። አንዱም አይበገርም።

አረንጓዴና ቀይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያልገባኝ የት እንደሚተከል ነው። ቼይን ሲግናል የሚባለውንማ ተዉት።

ለምለም_ሐዲድ

ናቲ፣ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የገጠመህ። አንድ በአንድ እንሂድ።

ግጭቱ፦ ሲግናል ከሌለ ባቡሮች አይተያዩም። ጌሙ ውስጥ ባቡር ከፊቱ ሌላ ባቡር መኖሩን የሚያውቀው በሲግናል ብቻ ነው። ሲግናል ሐዲዱን ብሎክ ወደሚባል ክፍል ይቆርጠዋል። አንድ ብሎክ ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል። አንተ ምንም ስላልተከልክ ሐዲድህ በሙሉ አንድ ብሎክ ነበር፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው ውስጥ ነበሩ። ማን ይከልክላቸው?

"መንገድ የለም" ያለህ ደግሞ ጎኑን አይቶ ነው። ባቡር የሚታዘዘው በሚሄድበት አቅጣጫ በስተቀኝ በኩል ላለ ሲግናል ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከተከልክ ሐዲዱ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ይሆናል። መመለሻውን ራሱ ሲግናሉ ዘጋው ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ትክክል ፊት ለፊት ሲተከል ነው ሁለት አቅጣጫ የሚሆነው። ፊት ለፊት መሆን አለበት፤ ትንሽ ከተዛነፈ አይሠራም። ሲግናል በእጅህ ይዘህ ሐዲዱ አጠገብ ስትቆም ጌሙ ራሱ ትክክለኛውን ቦታ በሳጥን ያሳይሃል።

መፋጠጡን ከምሳ በኋላ እመለስበታለሁ። እሱ ነው ዋናው።

ኮንቬየር_ቤልት

እስከዚያው ምክር፦ ሐዲድ ላይ ቆመህ ሲግናል አትትከል። እኔን እዚህ ጌም ውስጥ ከባይተር (ከጌሙ ጠላት አውሬዎች) ይልቅ የገዛ ባቡሬ ነው በብዛት የገደለኝ።

ናቲ_ፉርጎ

@ኮንቬየር_ቤልት ቀድሞኛል 😂

@ለምለም_ሐዲድ ሲግናል ስይዝ ሐዲዱ ላይ ቀለም ቀለም የሚመጣው ብሎኩ ነው እንዴ? እኔ ጌጥ መስሎኝ።

ለምለም_ሐዲድ

> ቀለም ቀለም የሚመጣው ብሎኩ ነው እንዴ?

አዎ፣ ቀለም የተቀየረበት ቦታ ሁሉ አዲስ ብሎክ ነው። ሁለት ሐዲድ ተነካክቶ አንድ ቀለም ከሆነ ደግሞ አንድ ላይ ተቆጥሯል። ብዙ ሰው "ባቡሬ ባዶ ሐዲድ ላይ ለምን ቆመ?" የሚለው እዚህ ጋ ነው። ጎን ለጎን ያለው መስመር አንድ ቦታ ላይ ይነካዋል፣ ስለዚህ እዚያ ማዶ የቆመ ባቡር ይሄኛውን ይዘጋበታል። ሲግናል ከመንቀልህ በፊት ሁልጊዜ ቀለሙን እይ።

አሁን መፋጠጡ። ሲግናል ስትተክል "እዚህ ጋ ሐዲዱ ይቆረጥ" እያልክ ብቻ አይደለም። "ባቡር እዚህ ጋ ቆሞ መጠበቅ ይችላል" እያልክም ነው። ተራ ሲግናል የሚያየው ቀጣዩን ብሎክ ብቻ ነው። ባዶ ከሆነ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ስላለው ደንታ የለውም። አንተ ነጠላ ሐዲድህን በጥንድ ሲግናል ከታትፈኸዋል። የብረቱ ባቡር ከምዕራብ ቀጣዩ ብሎክ ባዶ ነው ብሎ ገባ። የመዳቡም ከምሥራቅ እንዲሁ። አንድ ብሎክ፣ አንድ ብሎክ እየተባባሉ መጥተው ተገናኙ። ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። የፈቀድክላቸው ቦታ ላይ ነው የቆሙት።

ስለዚህ አንድ ሲግናል ከመትከልህ በፊት ጠይቅ፦ ባቡሩ እዚህ ቢቆም ማንን ይዘጋል? ማንንም የማይዘጋ ከሆነ ተራ ሲግናል። የሚዘጋው ሰው ካለ ወይ ቼይን፣ ወይ ምንም።

ቼይን ሲግናል የራሱ ሐሳብ የለውም። ቀጣዩ ብሎክ ባዶ ከሆነ ከፊቱ ያለውን ሲግናል አንብቦ እሱን ይመስላል። መውጫው ቀይ ከሆነ መግቢያው ላይ ያለው ቼይንም ቀይ ይሆናል፣ ባቡሩ ውጭ ይቆያል። መገናኛ አደባባይ ላይ ሚኒባሱ መውጫው መዘጋቱን እያየ አፍንጫውን ያስገባና አራቱም አቅጣጫ ይቆለፍ የለ? ቼይን ሲግናል "መውጫህ ካልተከፈተ አትግባ" የሚል ትራፊክ ነው።

ላንተ የምመክረው ሐዲዱን ድርብ አድርገው። አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ። በየሐዲዱ በስተቀኝ ብቻ ተራ ሲግናል በየተወሰነ ርቀት፣ ጉዳዩ አለቀ። መፋጠጥ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ይጠፋል።

የድሬ_ልጅ

ለምለም ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ የመጨረሻው ግን አልተዋጠልኝም። ሁለት ባቡር ላለው ሰው ድርብ ሐዲድ ምን ያደርግለታል?

የእኛ የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ነጠላ መስመር ነበር፤ የሐዲዱ ስፋትም 1 ሜትር። ባቡሮቹ ጣቢያ ላይ እየጠበቁ ነበር የሚተላለፉት። አዲሱም ቢሆን ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ጂቡቲ ነጠላ ነው። ብዙ ባቡር ያለበትን ድርብ፣ የሌለበትን ነጠላ። ናቲ ገና ብረት እየቆጠበ ነው፣ ለምን ሐዲድ ሁለት እጥፍ ይቅለጥለት?

ናቲ፣ መሀል ላይ መተላለፊያ ሥራ። ሐዲዱ ለሁለት ተከፍሎ ትንሽ አብሮ ሄዶ መልሶ የሚገጥምበት ቦታ። ርዝመቱ ባቡርህን በሙሉ መያዝ አለበት። ሁለቱን ቅርንጫፍ የየራሳቸው አቅጣጫ ስጣቸው፣ ማለትም ሲግናሉ በአንድ በኩል ብቻ። ከዚያ ነጠላውን ክፍል እንደ ረጅም መስቀለኛ ቁጠረው፦ ከመተላለፊያው ወደ ነጠላው የሚወጣበት ላይ ቼይን፣ ከነጠላው ወደ ቀጣዩ መተላለፊያ የሚገባበት ላይ ተራ። ነጠላው መሀል ላይ ያሉህን ጥንዶች በሙሉ ንቀላቸው።

ቼይኑ ማዶ ያለውን ተራ ሲግናል ያነባል። ነጠላው ባዶ ካልሆነ ወይም ማዶ መቆሚያ ቦታ ከሌለ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። አፍንጫ ለአፍንጫ ቀረ።

ለምለም_ሐዲድ

ለሁለት ባቡር እሺ። ለአራት ግን ወረፋው ይገድለዋል። ነጠላው ክፍል አንድ ብሎክ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች እንኳ መከታተል አይችሉም፤ የፊተኛው ማዶ ገብቶ እስኪያልቅ የኋለኛው ይጠብቃል። ይሄ ልጅ ነገ ድንጋይና የድንጋይ ከሰል ይጨምራል፣ አውቀዋለሁ ዓይነቱን።

የድሬ_ልጅ

ሲጨምር ያኔ ድርብ ያደርገዋላ 😄 አሁን ያለውን ይማርበት።

ናቲ_ፉርጎ

የየድሬ_ልጅን ሞከርኩት። ይሠራል! የመዳቡ ባቡር መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብሎ የብረቱን አሳልፎ ሲነሳ አይቼ እጄን አጨበጨብኩ፣ ቤተሰብ እብድ ነው ያለኝ።

እና... አዎ፣ የድንጋይ ከሰል ጨመርኩ። ለምለም አሸነፈች፣ ድርብ እያደረግኩት ነው። አሁን ጥያቄዬ የቲ ቅርጽ መጋጠሚያው ነው። ዋናው መስመር ላይ የከሰሉ ቅርንጫፍ የሚገባበት። መሀሉ ላይ ስንት ሲግናል? የትኛው?

ለምለም_ሐዲድ

ያሸነፈ የለም፣ የከሰል ሱስህ ነው ያሸነፈው።

መጋጠሚያው ሦስት መግቢያና ሦስት መውጫ አለው። መግቢያው ሁሉ ላይ ቼይን። መውጫው ሁሉ ላይ ተራ። እንዲሁ ብትተወው ይሠራል፣ መሀሉ ግን በሙሉ አንድ ብሎክ ስለሆነ አንድ ባቡር ሲያልፍ ሌሎቹ ይቆማሉ፣ ባይነካካቸውም። እሱን ለማላላት መሀል ላይ ሐዲዶቹ ከሚቆራረጡበት ነጥብ በፊትና በኋላ ቼይን ጨምር። መሀል ላይ ተራ ሲግናል በጭራሽ። ተራ ሲግናል መሀል ላይ ከተገኘ ባቡሩ እዚያው ቆሞ ጅራቱን ሁሉም ላይ ይጋርዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። "መግቢያ ቼይን፣ መውጫ ተራ" የሚለውን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ይዞትም ይቆለፋል። ምክንያቱም ከመውጫው ተራ ሲግናል ቀጥሎ ያለው ብሎክ ባቡሩን በሙሉ መያዝ አለበት። ካልያዘ ባቡሩ ፊቱ ወጥቶ ጅራቱ መጋጠሚያው ውስጥ ይቀራል። ቼይንህ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ ወይም አንድ ፉርጎ ከመያያዣው ጋር 7 ካሬ ይወስዳል። ያንተ ሁለት ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎ ነው፣ 6 በ7፣ 42 ካሬ። አንድ ቀጥ ያለ ሐዲድ 2 ካሬ ስለሆነ 21 ሐዲድ። ከመውጫው ሲግናል ጀምረህ ከ21 ሐዲድ በፊት ሌላ ተራ ሲግናል አትትከል። እኔ 24 አደርገዋለሁ፣ ለልቤ እረፍት።

ከዚያ ርቀት በፊት ሌላ መጋጠሚያ ካለብህስ? ያኔ የመጀመሪያውን መውጫም ቼይን አድርገው። ሁለቱ መጋጠሚያዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ ባቡሩ ከሁለቱም መውጣት እስኪችል አይገባም።

ሰማያዊ_ሽቦ

ጣልቃ ልግባ። እኔ ጋ ቼይኑ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆናል። ተበላሽቶ ነው?

ለምለም_ሐዲድ

አልተበላሸም። ከፊቱ መንገዱ ሲከፈልና አንዱ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ሲሆን ነው ሰማያዊ የሚሆነው። ባቡሩ የሚሄደው ወደ ክፍቱ ከሆነ ያልፋል፣ ወደ ዝጉ ከሆነ ይቆማል። ቢጫ ደግሞ ባቡር እየመጣ ነው፣ ቦታው ተይዟል ማለት ነው።

ኮንቬየር_ቤልት

እኔ ግን ይሄ ሁሉ የቲ ቅርጽ ጣጣ ምን ያደርጋል? ክብ አደባባይ ሥራ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ግባ፣ ከፈለግክበት ውጣ። ብሉፕሪንቴን (ዝግጁ ንድፌን) ልላክልህ።

የድሬ_ልጅ

ክብ አደባባይ የባቡር መቃብር ነው። በተለይ ባቡሩ ከክቡ ዙሪያ ሲረዝም።

ኮንቬየር_ቤልት

ሲግናሉን በትክክል ከተከልከው አይቆለፍም። በየመግቢያው ቼይን፣ ክቡ ውስጥ ቼይን፣ መውጫ ላይ ተራ። እኔ ጋ ያለ ችግር ይሠራል።

ለምለም_ሐዲድ

አይቆለፍም፣ ይሄ ልክ ነው። ትንሽ ባቡር ላለው ሰው ክብ ጥሩ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ችግሩ ሌላ ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ባቡር ክቡን ሦስት ሩብ ዞሮ ስለሚወጣ ሌላውን ሁሉ ያቆማል። ደግሞ ክብ ካለ ባቡሩ ዞሮ ወደ መጣበት መመለስ ይችላል። ያልጠበቅከው መንገድ ይመርጥና የነዳጁ ባቡር የብረት ማዕድን መግቢያ ላይ ሲንጎራደድ ታገኘዋለህ። እንደ ናቲ ከፊትም ከኋላም ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር መዞሪያ አያስፈልገውም። ቲው ይሻለዋል።

ናቲ_ፉርጎ

ቲውን ሠራሁት። መጋጠሚያው ውስጥ አሁን ማንም አይቆምም። ጥያቄዬ ግን አላለቀም 🙈

ዋናው መስመር ላይ አሁንም ሁሉም ተሰልፎ ይቆማል። ሲግናሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ቀለሙ ልክ ነው። ሰልፉ የሚጀምረው ከማቅለጫው ጣቢያ ነው። አንድ የብረት ባቡር ያራግፋል፣ ሁለት የብረት ባቡሮች ከኋላው ይጠብቃሉ፣ የሁለተኛው ጅራት ዋናው መስመር ላይ ነው። ከእሱ ጀርባ መዳብና ከሰሉ ያለ ጥፋታቸው ታግተዋል።

የድሬ_ልጅ

ይሄ የሲግናል ችግር አይደለም ወንድሜ። ሲግናል ወረፋን ያስተናግዳል እንጂ አያሳጥርም። ማቅለጫው ቀርፋፋ ከሆነ ባቡር ይጠራቀማል። ጥያቄው የት ይጠራቀም ነው።

የማራገፊያ ጣቢያውን ክፈትና የባቡር ገደብ የሚለውን አብራው። ከጌሙ ስሪት 1.1 ጀምሮ አለ። አንድ መድረክ ብቻ ካለህና መጠባበቂያ ከሌለህ 1 አድርገው። ያኔ አንድ ባቡር ወደዚያ እየሄደ ወይም እዚያው ቆሞ ካለ ሌላው ከማዕድኑ አይነሳም፤ "መድረሻው ሞልቷል" ይልና እዚያው ጭነቱን ይዞ ይጠብቃል። ዋናው መስመር ነፃ ነው።

ለምለም_ሐዲድ

1 ብቻ ከሆነ ግን ማቅለጫው ቀጣዩ ባቡር ከሩቅ እስኪመጣ ይራባል። ከጣቢያው በፊት ከዋናው መስመር ወጣ ብለህ መጠባበቂያ ሐዲድ ሥራ፣ ባቡር ሙሉ የሚይዝ። መጠባበቂያው መጨረሻ ላይ ወደ መድረኩ የሚያስገባው ቼይን ይሁን፣ መድረኩ መግቢያ ላይ ተራ። ገደቡ መድረክና መጠባበቂያ ተደምረው ነው። አንድ መድረክና አንድ መጠባበቂያ፣ ገደብ 2።

ሰማያዊ_ሽቦ

እኔ ገደብ አብርቼ ሁሉም ባቡር ቆመ። የሚጭነውም የሚያራግፈውም "ሞልቷል" ይላል። ሲግናሉ ሁሉ አረንጓዴ ነው!

የድሬ_ልጅ

ስንት ባቡር፣ ስንት ጣቢያ?

ሰማያዊ_ሽቦ

ሦስት የብረት ማዕድን፣ ሁሉም ገደብ 1፣ ስማቸው አንድ ነው። ማራገፊያው ገደብ 2። አምስት ባቡር።

የድሬ_ልጅ

በቃ እሱ ነው። ሦስትና ሁለት አምስት ቦታ አለህ፣ ባቡርህም አምስት። ሁሉም ቦታ ተይዟል። አንዱ እንዲነሳ ሌላው አስቀድሞ መልቀቅ አለበት፣ ያኛው ደግሞ ይሄኛውን ይጠብቃል። ሁልጊዜ የባቡሩ ቁጥር ከገደቦቹ ድምር ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት። ለአምስት ቦታ አራት ባቡር። አንዱን አውጥተህ ለመዳብ አድርገው።

ሰማያዊ_ሽቦ

አንዱን አወጣሁት፣ ወዲያው ተነሱ። ተባረክ።

ናቲ_ፉርጎ

እኔም ገደቡን 2 አድርጌ መጠባበቂያ ሠራሁ። መስመሩ ይፈስሳል። ከሰሉ ሳይቆም ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በ2.0 ላይ ከፍ ያለ ሐዲድ አለ ሲባል ሰማሁ። እሱ ካለ ይሄን ሁሉ ቼይን መንቀል እችላለሁ?

ለምለም_ሐዲድ

እሱ ከስፔስ ኤጅ ማስፋፊያ ጋር ነው የሚመጣው፣ ለብቻው ይከፈልበታል። አዎ፣ ከላይና ከታች የሚያልፉ ሐዲዶች ስለማይነካኩ ብሎክ አይጋሩም። መስቀለኛ የነበረው መስቀለኛ መሆኑ ይቀራል። ግን ከዋናው መስመር የሚወጣና የሚገባ እስካለ ድረስ መከፈያና መቀላቀያ ይኖራል፣ እዚያ ላይ ያው ቼይን ነው። ምሶሶውና መወጣጫውም ብረትና ኮንክሪት ይፈልጋል። ላንተ አሁን አያስፈልግህም።

ኮንቬየር_ቤልት

ናቲ፣ አንድ ነገር ግን ልብ በል። ባቡሩን አንተ ራስህ ስትነዳው ሲግናል አያስቆምህም። ቀይ ላይ ሰተት ብለህ ትገባለህ። ከሎኮሞቲቭህ ስትወርድም ዋናው መስመር ላይ ትተኸው እንዳትሄድ፣ ብሎኩ እንደተያዘ ይቆያል፣ ሁሉም ከኋላው ይሰለፋል።

ናቲ_ፉርጎ

ቆይ... ከማዕድኑ አጠገብ አንድ ሎኮሞቲቭ ነበረኝ። ትናንት ነድቼው ሄጄ ነበር። መጣሁ።

የድሬ_ልጅ

😂😂 እሱን ወደ ጓሮ ሐዲድ አስገባና ለራስህ ታክሲ አድርገው። የራሱ ጣቢያ ስጠው፣ ካርታ ላይ ወደፈለግክበት ትልከዋለህ። በአውቶማቲክ ሲሄድ ደግሞ ሲግናል ያከብራል።